አዲሱ ዲፈረንሻል ያፏጫል፤ ጋራዡም ዲለሩም «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ብለዋል

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። የ2023 ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ አለኝ፤ ቪ6 አውቶማቲክ፣ ፎር ዊል። ፋብሪካው የገጠመለትን 265/65 አር 17 ጎማ አውጥቼ ሰፊውንና ከባዱን 285/70 አር 17 ሳስገባ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ላይ መርጋት አቃተው። አንድ ጋራዥ የፊትም የኋላም ዲፈረንሻሉን ሬሾ (ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ከ3.91 ወደ 4.88 ለውጦ 3,200 ዶላር አስከፈለኝ። 900 ማይል ሳይሞላው የኋላው ከ45 እስከ 60 ማይል ላይ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ያፏጫል። ጋራዡ «ሳታለማምደው ጭነህበት ነው» ይላል፤ ስለ ማለማመድ ግን ምንም አልነገረኝም። ደረሰኙ ላይ «ለድምፅ ዋስትና አንሰጥም» የሚል አለ። የቶዮታ ዲለሩ (ወኪል ሻጩ) ደግሞ «ዋራንቲህ በሙሉ ፈርሷል» አለኝ። መብቴ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የኋላውን ዲፈረንሻል ማንም እንዳይፈታው ያድርጉ። ተናደው ሌላ ጋራዥ ቢያስጠግኑት መኪናዎ ይድናል፣ ማስረጃዎ ግን አብሮ ይጠፋል። መኪናውንም ለጊዜው ያቁሙት፤ እያፏጨ ሲነዳ የሚደርሰው ተጨማሪ ጉዳት የእርስዎ ጥፋት ተብሎ ይቀርብብዎታል።

የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በሜሎዲ ሆም ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ነባር ዕቃን የሚጠግን ወይም የሚያሻሽል ሰው ሥራውን እንደ ሙያው ደንብ ለመሥራት ዋስትና እንደሰጠ ይቆጠራል፤ ውሉ ላይ ባይጻፍም። ሸማቹ ይህን የሚጠይቀው በክፍለ ግዛቱ የአታላይ ንግድ አሠራር ሕግ፣ በተለምዶ ዲቲፒኤ በሚባለው በኩል ነው። ደረሰኙ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ይህን ዋስትና አትሽረውም። ሊተካው የሚችለው ሥራው እንዴት እንደሚከናወንና ምን ጥራት እንደሚኖረው በዝርዝር የሚደነግግ ውል ስለሆነ፣ የፈረሙትን ወረቀት ጀርባውን ሳይቀር ያንብቡት።

የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርስዎ ነው። ከጋራዡ ጋር ንክኪ የሌለው፣ ዲፈረንሻል ማሰር የዘወትር ሥራው የሆነ መካኒክ ይፈልጉ። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ አፍስሶ ያስቀምጥልዎ። ማግኔት ያለው ቡሽ ላይ የሚገኝ ለስላሳ ግራጫ ጭቃ በአዲስ ማርሽ ያለ ነው፤ ስንጥርና ቅርፊት ግን አይደለም። ቀጥሎ ኮሮናውንና ፒኞኑን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ የተጠማመዱትን ትልቁንና ትንሹን ማርሽ) ከቦታቸው ሳያነሳ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ኮሮናውን እያዞረ ቢያንስ 3 ቦታ ይለካና ከማርሹ አምራች ወረቀት ጋር ያስተያይ፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.006 እስከ 0.010 ኢንች ነው። ከዚያ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ የንክኪውን አሻራ በሁለቱም የጥርስ ገጽ ፎቶ ያንሳ። እያንዳንዱን ልኬት ከቀንና ከማይል ጋር ጽፎ ይፈርምበት።

አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ወደ ሥሩ ካደላ፣ ሺሙ (የማርሾቹን አቀማመጥ የሚያስተካክለው ስስ ቀለበት) በትክክል አልተመረጠም ማለት ነው፤ ይህ የገጣሚው ሥራ ነው። የፒኞኑ ኩሽኔታ ተለይቶ በሙቀት ሰማያዊ ከሆነ ሲታሰር ከልክ በላይ ጠብቋል። አሻራው መሃል ሆኖ፣ ክፍተቱ ልክ ሆኖ፣ ኮሮናው ዙሪያውን ከጠቆረ ግን የጋራዡ ክርክር ሚዛን ይደፋል። ይህን ከመክሰስዎ በፊት ማወቅ ይሻልዎታል። እግር ሲነሳ ብቻ የሚሰማ ፉጨት ብዙ ጊዜ ወደ ፒኞኑ ያመለክታል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ሬሾው አይከራከሩ። አዲሱ ጎማ በቁመት 7 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ የድሮውን ጉልበት ለመመለስ ብቻ 4.18 አካባቢ ይበቃ ነበር፤ ክብደት ለተጨመረበት መኪና ግን 4.88 የተለመደ ምርጫ ነው። የፊቱም በእርግጥ 4.88 መሆኑን ግን ጥርሱን አስቆጥረው ያረጋግጡ።

የማለማመዱ ነገር የጋራዡ ዋና መከላከያ ይሆናል። የማርሽ አምራቾች የሚሰጡት መመሪያ ተቀራራቢ ነው፦ በመጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነድቶ ሙሉ በሙሉ ማቀዝቀዝ፣ እስከ 500 ማይል ተጎታች አለመጎተት፣ በ500 ማይል ዘይቱን መቀየር። መመሪያው ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑን የከፈተው ደግሞ ጋራዡ ነው። «የትኛውን መመሪያ፣ መቼ ሰጣችሁኝ?» ብለው በጽሑፍ መልእክት ይጠይቁ፤ መልሱ ተጽፎ ይቀመጥልዎታል። በእነዚያ 500 ማይሎች ውስጥ ጎትተው ከሆነ ለጠበቃዎ ዛሬውኑ ይንገሩ።

ልኬቱ ከደገፈዎት ክስ ከመክፈትዎ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድመው ቅሬታዎንና የሚጠይቁትን የገንዘብ መጠን የሚዘረዝር ደብዳቤ በሰርቲፋይድ ፖስታ ይላኩ። በዚህ ጊዜ ጋራዡ መኪናውን ልመርምር ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ አይከልክሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት ከከለከሉ እያወቀ ላደረሰው ጥፋት እስከ 3 እጥፍ የሚፈረደውን ካሳ ያጣሉ። ካሸነፉ የጠበቃ ወጪ ይከፈልዎታል፤ ክሱ መሠረተ ቢስ ወይም በክፉ ልቦና የቀረበ ከተባለ ግን የጋራዡን የጠበቃ ወጪ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የጊዜ ገደቡ 2 ዓመት ነው። እስከ 20,000 ዶላር ያለ ክስ አነስተኛ የገንዘብ ክሶችን በሚያየው ጀስቲስ ኮርት ስለሚታይ ያለ ጠበቃም መቅረብ ይቻላል።

በቼክ ከፍለው ከሆነ ቼኩን አያሳግዱ። የቴክሳስ ሕግ ላልተከፈለው ጠጋኝ በመኪናው ላይ የመያዣ መብት ይሰጠዋል፤ ቼክ ሲታገድም መብቱ እንዳለ ይቆያል፤ መኪናውን እስከማስወሰድ ሊደርስ ይችላል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ግን ገና ባልከፈሉት ቀሪ ሂሳብ ላይ በካርድ ሰጪው በኩል መከራከር ይችላሉ።

ዲለሩ ያለው ግማሹ እውነት ነው። በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ ሕግ አምራቹ ሌላ ድርጅት የሠራው ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋራንቲውን በሙሉ እንዲሰርዝ አይፈቅድለትም፤ ብልሽቱ የመጣው ከተገጠመው ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ኤሲው ቢበላሽ ማርሹ አይመለከተውም። ዲፈረንሻሉን ግን ይተዉት፤ የፋብሪካው ኮሮና መኪናው ውስጥ ስለሌለ በ5 ዓመት ወይም 60,000 ማይሉ ዋስትና አይታይልዎትም። ካምቢዮው አከራካሪ ነው፦ አሁን በተመሳሳይ ፍጥነትና ማርሽ ሞተሩ ከፋብሪካው 17 በመቶ ያህል ፈጥኖ ስለሚዞር ዲለሩ ይህን ማንሳቱ አይቀርም። ሲከለክልዎ የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ለውጥ፣ እንዴት እንደተበላሸ በጽሑፍ ይስጥዎ።

አንድ ያልጠየቁት ነገር፦ የፍጥነት መለኪያው ንባብ ለአዲሱ ጎማ ካልተስተካከለ 60 ሲያሳይዎ 64 እየነዱ ነው፤ ማይል ቆጣሪውም በዚያው ልክ ያንሳል። ንባቡን ለትልቁ ጎማ ማስተካከል ወንጀል አይደለም። የፌዴራል ሕግ የሚከለክለው የተቆጠረውን ማይል ለመቀየር በማሰብ መነካካትን ነው። ሳያስተካክሉ የነዱት ማይል ካለ መኪናውን ሲሸጡ በማይል ማሳወቂያ ፎርሙ ላይ «ትክክለኛው ማይል አይደለም» የሚለውን ማመልከት ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ ጎማው የተቀየረበትን ማይልና የማስተካከያውን ደረሰኝ ከመኪናው ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡ።