ሚኒባሱ ላይ ያስገጠምከው ዕቃ በኢንሹራንሱ ይሸፈናል ወይ ላልከው

በራሱ አይሸፈንም። ለቤተሰብ ሽርሽር ብለህ ያስገጠምከው አልጋ፣ ፍሪጅና የጣሪያ ድንኳን በፖሊሲው (በኢንሹራንስ ውሉ) ላይ በስምና በዋጋ ካልተዘረዘረ፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖርህም እንደሌለ ቁጠረው። ያለህ ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነማ፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ቢሆንም የራስህን መኪና ጉዳት አይከፍልም።

ድሬዳዋ ያለው የኢንሹራንስ ድርጅትህ ቅርንጫፍ ሂድና፦

1. የየዕቃውን ደረሰኝና ፎቶ ስጣቸው። በያጁ ደረሰኝ ካልሰጠህ ለምነህም ቢሆን አስጽፈው።

2. የመኪናውን ዋጋ በዛሬው ገበያ አስተካክል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን በ1 ሚሊዮን ካስገባኸው፣ የተሸፈነው የዋጋው ግማሽ ብቻ ስለሆነ 100 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ ግማሹ ካንተ ኪስ ነው። ኢክሰሱ (ከየጉዳቱ ራስህ እንድትችለው ውሉ ላይ የተቀመጠው ድርሻ) ደግሞ ለብቻው። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው መኪናው ጋራዥ ከገባ በኋላ ነው፤ በጣም ያሳዝናል።

3. ዕቃዎቹ ፖሊሲው ላይ መጨመራቸውን የሚገልጽ ማህተም ያለው ወረቀት ተቀበል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከሐረር ስመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አንድ አይሱዙ ጎኔን ፋቀኝ። በሩና መስታወቱ ተሠራልኝ። የተቀደደው ድንኳን ግን «ፖሊሲው ላይ የለም» ተባለ። ኢንሹራንሱን ያዋዋለኝ ሰው ግን ቀደም ብሎ በስልክ «አስመዝግቤልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ እጅህ ሳይገባ መንገድ አትውጣ።