ቻርጀሩ እምቢ ስላለ ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም

«ጋሼ፣ ሱሉልታ ላለችው የእንግዳ ማረፊያችን ያገለገለ ጎልፍ ካርት ገዛሁ። 36 ቮልት ነው፤ ባለ 6 ቮልት 6 ባትሪዎች አሉት። ሸራ ለብሶ ዓመት ያህል ቆሟል። ቻርጀሩን ስሰካው ትንፍሽ አይልም። አንዱ ባለሙያ አሲድ ጨምርበት አለኝ፤ ሌላው ሁሉንም ጣላቸው አለኝ። የማንን ልስማ?»

ለጊዜው የሁለቱንም ተወው፣ ወንድሜ።

ብዙ የካርት ቻርጀሮች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የባትሪዎቹን ቮልቴጅ ያያሉ። በጣም ወርዶ ካገኙት ዝም ነው። ስለዚህ ዝምታው ባትሪው ባዶ መሆኑን እንጂ መሞቱን አይነግርህም።

አሲዱም የትም አልሄደም። ባትሪ ሲወርድ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ተዋህዶ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ዝርግ ሰሌዳዎች) ላይ ሰልፌት ሆኖ ይለጠፋል። ቶሎ ከተሞላ ተመልሶ ይለቃል። ወራት ከቆየ ግን እንደረጋ ማር ይጠጥራል። አሁን አሲድ ብትጨምር፣ የተለጠፈው ሲለቅ መጠኑ ከልክ ያልፍና ፕሌቱን ይበላዋል። አሲድ የሚጨመረው ባትሪው ተገልብጦ ከፈሰሰ ብቻ ነው። አስፕሪን ጨምርበት የሚልህም አይጠፋም። ለራስ ምታትህ አስቀምጠው።

ጓንትና መነጽር አድርግ፤ ቀለበትና ሰዓትህን አውልቅ። ቺያቬ ሁለት ተርሚናል አገናኝቶ እሳት ሲተፋ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እጀታውን ናስትሮ ሳልጠቀልል ባትሪ አልነካም። የካቦዎቹን አቀማመጥ በስልክህ ፎቶ አንሳና ፍታቸው። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ባትሪ ካለ እሱን ለይተህ አውጣ፤ አትልፋበት።

ከዚያ ክዳኖቹን ከፍተህ እይ። ፕሌቶቹ ደርቀው ከታዩህ ዲስቲልድ ውሃ ጨምር፤ ግን እስኪሸፈኑ ብቻ። ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል ሞልተኸው ከጀመርክ ይገነፍላል። የቧንቧም የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም፤ ማዕድን አለበት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አገናኛቸው፤ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ። 12 ቮልት ሆነልህ ማለት ነው፤ በተራ የመኪና ቻርጀር ይሞላል። ቮልቴጃቸው የሚቀራረበውን አጣምር። ዘመናዊው አውቶማቲክ ቻርጀር ይህንንም እምቢ ሊልህ ይችላል። ሰፈርህ ካለ ጋራዥ ያን ከባዱን፣ ባለ ትራንስፎርመሩን የድሮ ቻርጀር ተዋስ። እሱ አይመርጥም። ራሱንም ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ ጥለኸው አትሂድ።

መጀመሪያ ላይ የአምፒሩ ቆጣሪ ንቅንቅ ላይል ይችላል። የጠጠረው ሰልፌት ነው የከለከለው፤ ታገሥ። ሰዓታት ቆይቶ ከፍ ማለት ከጀመረ ጥሩ ምልክት ነው። የእነዚህ ባትሪዎች አቅም በአብዛኛው 200 አምፒር ሰዓት ያልፋል፤ በ10 አምፒር አንድ ቀንና ሌሊት ቢፈጅ አይግረምህ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው ይረዝማል። ባትሪው 50 ዲግሪ ከደረሰ፣ ማለትም እጅህን ጎኑ ላይ ማቆየት ካቃተህ፣ አጥፋና አቀዝቅዝ።

የምትሞላው ክፍት ቦታ ላይ ይሁን። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። የሱሉልታን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ዘበኛው ማታ ከሰል ማያያዙ አይቀርም። ምድጃውን ራቅ አድርግልኝ በለው።

ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹን ስቦ የአሲዱን ጥግግት የሚለካውን መሣሪያ ግዛ፤ ከቴስተሩ ይልቅ እውነቱን የሚነግርህ እሱ ነው። እያንዳንዱን ሴል፣ ማለትም በየክዳኑ ሥር ያለውን ክፍል ለካ። የሞላ ሴል ከ1.265 እስከ 1.280 ያሳያል። ቁጥሩ ገና እየጨመረ ከሆነ ቀጥል፤ በየሰዓቱ ለክተህ ሦስት ጊዜ ከቆመ በቃው። ያኔ ውሃውን እስከ ልኩ ሙላና ይደር። ጠዋት 6.3 ቮልት ካሳየህ ደስ ይበልህ። 4.2 አካባቢ ላይ ቆሞ ካደረ ግን አንዱ ሴል ሞቷል። በአንድ ባትሪ ውስጥ የሴሎቹ ልዩነት ከ0.050 ካለፈም ተስፋው ቀጭን ነው።

የመጨረሻው ፈተና አቀበት ነው። ካቦዎቹን በፎቶው መሠረት መልስና ሰው እየነዳ አንተ ከጎኑ ሆነህ የባትሪዎቹን ቮልቴጅ በቴስተሩ አንድ በአንድ ለካ። ሌሎቹ ሳይወርዱ አንዱ ብቻ ከ5.25 ቮልት በታች ከሄደ ጥፋተኛው እሱ ነው። በእሱ ቦታ አዲስ ባትሪ አትክተት፤ አሮጌዎቹ ጎትተው ያደክሙታል። ዕድሜው የሚቀራረብ ደህና ያገለገለ ፈልግ። ሦስቱ ከወደቁ ግን ብር አታባክን፤ ሙሉውን ስብስብ ቀይር። አሮጌዎቹን ለቁራሌው ከነአሲዳቸው አስረክብ እንጂ ግቢህ ውስጥ አትድፋ።

የተነሡትም ቢሆኑ የድሮ ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሻንጣ ከበር እስከ ክፍል ለማመላለስ ግን ይበቁሃል። 6 ባትሪ በ3 ሴል፣ 18 የሃይድሮሜትር ቁጥር ይሆናል። ጻፍና ላክልኝ፤ የትኛው እንደሚቀር አብረን እንይ።