በኮሪያ የወደቀውን ወጣት ማን ያስታውሰው?

ጥያቄ፦ የአያቴ ታናሽ ወንድም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ በ22 ዓመቱ ወደቀ፤ ትዳርም ልጅም አልነበረውም። አያቴ በደርግ ዘመን ፎቶግራፉን ከሣጥን ሥር ደብቃ አኖረችው፤ እርሷም አምና ዐረፈች። አጽሙ እዚያው ቀርቶ ይሆን? በዐይኔ ያላየሁትን ሰውስ እንዴት አድርጌ ላስታውሰው?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የአያትዎን ነፍስ ይማር። በኮሪያ የወደቁት ኢትዮጵያውያን አጽም እዚያ አልቀረም። መጀመሪያ ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዐርፎ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ አገሩ ተመልሷል። ዛሬ በዚያ የሚገኘው ስማቸው ነው፤ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በመታሰቢያው ግድግዳ ላይ በኢትዮጵያ ሥር ተጽፈዋል። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ የአያትዎን ወንድም ሲፈልጉ አጻጻፉ እርስዎ ከለመዱት ሊለይ፣ የአባቱም ስም ከራሱ ስም ሊቀድም እንደሚችል አስቀድመው ያስቡ።

አያትዎ ፎቶግራፉን መደበቃቸው አያስደንቅም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስለተወዳጀ፣ ከደቡቡ ወገን ተሰልፈው የተዋጉት ዘማቾች ታሪካቸውን በአደባባይ የሚናገሩበት ዘመን አልነበረም። ልጅ ያለው ዘማች ቢያንስ በቤቱ ውስጥ ይተርክ ነበር፤ ልጅ ሳይወልድ የሞተው ግን ያለ ተራኪ ቀረ። ይህ በደል እንደ ሞቱ ሁሉ ሊያሳዝነን ይገባል ብለን እናምናለን።

ልጆች «ለምን እዚያ ድረስ ሄደ?» ብለው ቢጠይቁዎት፣ መልሱን ከእርሱ ዕድሜ ይጀምሩ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተጓዘው በ1943 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የጣሊያን ጦር አገራችንን ሲወር፣ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው ረዳት ሲያጡ፣ ይህ ወጣት ገና ትንሽ ልጅ ነበር። የተጠቃ አገር ብቻውን ሊቀር አይገባም የሚለው የመንግሥቱ አቋም ከዚያ መከራ የመነጨ ነው። እርሱ ራሱ ግን በዚህ አምኖ ይሂድ፣ ታዝዞ ብቻ ይሂድ፣ ወይም ባሕር ማዶ ለማየት ጓጉቶ ይሂድ፣ ያልተናገረውን በአፉ አናድርግለት።

ስለ ጀግንነቱ ብቻ መናገርም አይበቃም። ቃኘው አንድም ምርኮኛ ሳያስይዝ መመለሱ የሁሉም ክብር ነው፤ የእርሱ የብቻው የሆነው ግን በየትኛው መንደር እንዳደገ፣ ፊደል የቆጠረው የት እንደነበር፣ እናቱ በምን ስም ትጠራው እንደነበር ነው። ይህን የሚያውቁ የአያትዎ እኩዮች ዛሬም በሕይወት ካሉ፣ ሌላውን ሁሉ ትተው አስቀድመው እነርሱን ያነጋግሩ፤ የሚናገሩትንም በድምፅ ይቅረጹ። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አጠገብ ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄደው ስለ እርሱ ይጠይቁ።

ቤተሰቡ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከሆነና ጸሎተ ፍትሐት ወይም ተዝካር ካሰቡ፣ የክርስትና ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ወታደር የሚመዘገበው በዓለም ስሙ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የሚጸለይለት ግን በክርስትና ስሙ ስለሆነ፣ ሽማግሌዎቹን ሲጠይቁ ይህን እንዳይዘነጉ። የወደቀበት ቀን በትክክል ካልታወቀም ሙት ዓመቱን አይተዉት፤ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው መርዶው ለቤተሰቡ የደረሰበትን ቀን፣ እርሱም ካልተገኘ አያትዎ በየዓመቱ ሲያስቡበት የኖሩትን ቀን ይያዙ።