ቴሌስኮፕ በሌለበት የሞለኪውል ደመና ማጥናት ይቻላል?

እህታችን፣ የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን ጥቅጥቅ ያሉ የሞለኪውል ደመናዎች በሰብሚሊሜትር ሞገድ (ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች በሆነ ጨረር) ለማጥናት አገር ውስጥ መሣሪያ አለመኖሩ እንቅፋት ይሆንብኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

እንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩት በሚታይ ብርሃን ስለሆነ ለዚህ አይሆኑም። ሰብሚሊሜትሩን የአየሩ እርጥበት ይውጠዋል፤ የቺሊው አልማ፣ ተጣምረው የሚሠሩ የብዙ አንቴናዎች ቴሌስኮፕ፣ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ በረሃ ውስጥ የተተከለውም ለዚሁ ነው። ግን መረጃው ክፍት ነው። የአልማ ምልከታ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ለጠያቂዎቹ ከተያዘ በኋላ ማንም ያወርደዋል። ጥሬውን ዳታ እንዳትነኪ፤ በመቶዎች ጊጋባይት ሊደርስ ይችላል፣ በእኛ ኢንተርኔት ደግሞ አይታሰብም። ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን የፊትስ (የሥነ ፈለክ ፋይል ዓይነት) ምስል ውሰጂ፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋና ለሥነ ፈለክ የተሠራው አስትሮፓይ ባለው ተራ ላፕቶፕ ይከፈታል።

ለመመረቂያ ሥራሽ ግን ከአልማ ባትጀምሪ ይሻላል። አንቴናዎቹ ተጣምረው ሲያዩ ሰፊና ደብዛዛ የሆነውን ጨረር ስለሚያጡት የደመናው ጠቅላላ መጠነ ቁስ አንሶ ይወጣል። ባርናርድ 68ን ምረጪ፤ ቅርብና ለብቻው ያለ ደመና ነው፣ መሐሉም ወደ 10 ኬልቪን ይቀዘቅዛል። ከ2009 እስከ 2013 የሠራው የሄርሼል የህዋ ቴሌስኮፕ የ250፣ የ350 እና የ500 ማይክሮሜትር ምስሎቹን ትቶልናል። ምስሎቹን ከማነጻጸርሽ በፊት ሁሉንም ወደ 500ው ጥራት፣ ወደ 36 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው)፣ አደብዝዢ። ይህን የዘለለ ሰው ጠርዙ ላይ የሌለ ሙቀት ያያል።

መጠነ ቁሱ የሚሰላው ደመናው ውስጥ ያለው አቧራ ከሚያወጣው ጨረር ስለሆነ፣ ዋናው ፈተና የአቧራው ሙቀት ነው። በ500 ማይክሮሜትር፣ 10 ኬልቪን የሆነውን 15 ብለሽ ብታስገቢ መጠነ ቁሱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ርቀቱም በካሬ ስለሚገባ 10 በመቶ ስህተት 20 በመቶ ያህል ይሆናል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ብቻ አምነሽም መሐሉን አትለኪ፤ በቅዝቃዜው አቧራው ላይ በረዶ ሆኖ ስለሚጣበቅ፣ ደመናው በጣም በጠቀጠቀበት ቦታ የጋዙ የጨረር መስመር ይደክማል።

ቦን ላለው የማክስ ፕላንክ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ወይም ለመሰሎቹ ስታመለክቺ "ህዋን ከልጅነቴ እወዳለሁ" የሚለውን ተዪውና የሙቀት ካርታሽን ከስህተት ሠንጠረዡ ጋር አያይዢ። ኮድሽም ሌላ ሰው ሊያስኬደው በሚችል መልክ ይቀመጥ።