በጠባብ በጀት ስለ መኖር የሚናገር መጽሐፍ በራስ ገንዘብ ማሳተም፦ ጥያቄና መልስ

በትንሽ ገቢ አምሮ ስለ መኖር መጽሐፍ ጽፋችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ማሳተም የምትፈልጉ ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር። የመጣው ከጠበቅሁት በላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የሰው ረቂቅ ሳርም፣ ማተሚያ ቤት ስመላለስና ከአከፋፋይ ጋር ስከራከር የኖርሁ ነኝና የማውቀውን እነሆ። አቋሜን ግን አስቀድሜ ልናገር፦ ስለ ቁጠባ የሚጻፍ መጽሐፍ ራሱም በቁጠባ መሠራት አለበት። ቀጭን ይሁን፤ የተጻፈለት ሰው ሊገዛው ይቻለው፤ በብድር አይታተም።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ረቂቄ አልቋል። 500 ላሳትም ወይስ 1,000? ማተሚያ ቤቱ «ሲበዛ ይረክሳል» ይለኛል።

አልዋሸህም፤ ነገር ግን የነገረህ የስሌቱን ግማሽ ነው። በኦፍሴት፣ ማለትም ገጹ በተቀረጸበት ሰሌዳ (ፕሌት) ሲታተም የአርትዖቱ፣ የገጽ ቅንብሩ፣ የሽፋኑና የፕሌቱ ወጪ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መቶም አሳተምህ ሺህ አይለወጥም። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ጥረዛው በየቅጂው ይጨመራሉ። ለስሌት እንዲመች የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። የገበያ ዋጋ አይደሉም፣ ማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ በሰጠህ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ትተካቸዋለህ። የአንድ ጊዜው ወጪ 60,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ 90 ብር፣ የሽፋን ዋጋ 300 ብር፣ የአከፋፋዩ ድርሻ 35 በመቶ ይሁን።

1,000 ብታሳትም ጠቅላላ ወጪህ 150,000 ብር ነው፤ አንዱ መጽሐፍ 150 ብር ወጣበት። 500 ብታሳትም ጠቅላላው 105,000፣ አንዱ 210 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ያቆምና ሺውን ያዝዛል። እስኪ ትንሽ እንግፋበት። በአከፋፋይ በኩል ከአንድ መጽሐፍ የሚደርስህ 195 ብር ነው። ስለዚህ 1,000 ካሳተምህ ወጪህ የሚመለሰው 770 ያህል ሲሸጥ ነው፤ ስሙ ላልታወቀ ደራሲ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። 500ውን በሙሉ በአከፋፋይ ብትሸጥ ደግሞ የምትሰበስበው 97,500 ነውና አንድም ሳይቀር ተሸጦ እንኳ 7,500 ብር ትከስራለህ። በእጅህ በሙሉ ዋጋ ብትሸጣቸው ግን 350ኛው ላይ ወጪህ ይመለሳል።

የእኔ ምክር 500 ነው፤ እሱም አብዛኛውን በራስህ እጅ የምትሸጠው ከሆነ ብቻ። ማተሚያ ቤት ከመግባትህ በፊት ቀድመው የሚከፍሉ ገዢዎችን መዝግብ። ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ተቀበል፣ ለብቻው አስቀምጥ፣ መጽሐፉ እስኪወጣ ለሌላ ነገር አትንካው። መቶ ሰው አስቀድሞ ካልከፈለ የምታሳትምበትን ጊዜ አራዝም። ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀንም ተመልከት። የሕትመት ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የባለፈውን ወር ዋጋ ይዞ መደራደር አያዋጣም።

ከጎንደር፦ ስንት ገጽ ቢሆን ይሻላል? የእኔ 100 ገጽ ነው።

አራት ገጽ ቀንሽለት። ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚታተመው በትልልቅ ወረቀት ነው፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል። 96 ገጽ በስድስት ወረቀት ያልቃል። 100 ገጽ ሰባተኛውን ይጠይቃል፣ 12 ገጽም ባዶ ይቀራል። ማተሚያ ቤቱን በስንት ገጽ እንደሚያጥፍ ጠይቂና ረቂቅሽን በዚያ ልክ አስተካክዪ። የሚቀነስ አታጪም፤ እንዲህ ባሉ ረቂቆች መግቢያው ሁልጊዜ ይረዝማል። ለውስጡ በካሬ ሜትር 70 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይበቃል፤ 60 ግራም የጀርባውን ጽሑፍ ያሳያል።

ከአዲስ አበባ፦ ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንኳ ያልበቃውን ሰው ቁጠባ ማስተማር ስድብ አይደለም?

ይህን ጥያቄ የላኩትን ሰው ከልቤ አመሰግናለሁ። በዚህ ርእስ የሚጽፍ ሁሉ መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ስድብ የሚሆንበት አጻጻፍ አለ። የዋጋ ንረት ያደከመውን ሰው «ስንፍናህ ነው ያደኸየህ» የሚል መጽሐፍ ስድብ ነው። ከውጭ አገር መጻሕፍት ገልብጦ «ቡና መጠጣት አቁም» የሚለውም እንዲሁ። በእኛ ሰፈር ቡና ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ልጅ የሚጠባበቁበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ነው። ያንን ያቆመ ሰው ስንት ብር እንዳተረፈ ሳይሆን ስንት ሰው እንዳጣ ይቆጠር። በልቶ ያላደረ ልጅ ባለበት ቤት ምግብ ቀንሱ ማለትም ቁጠባ አይባልም።

ነገር ግን ሰው የማያውቀውንና የሚጠቅመውን ነገር መንገር ስድብ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የመብራት ታሪፍ ለመኖሪያ ቤት በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ለብቻው ቢሆን ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚቀር ቤተሰብ ከፍተኛውን ይከፍላል። ይህን ያወቀ ተከራይ ከአከራዩ ጋር የሚነጋገርበት ነጥብ ያገኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድም እስኪግል ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ በየቀኑ ከመጋገር የሁለት ሦስት ቀኑን በአንድ ግለት መጋገር፣ ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተራ መያዝ ይሻላል። ባቄላና ሽንብራን አሳድሮ መዘፍዘፍ የከሰሉን ወጪ ይቀንሳል። ዕቁብም አለ፦ ዋጋ በሚንርበት ዘመን መጨረሻ የሚደርሰው ሰው በዚያው ብር የሚገዛው ዕቃ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። ይህን በግልጽ የሚያስረዳና «ዙሩ ሲረዝም መዋጮውን በየጊዜው አስተካክሉ» የሚል ምዕራፍ ያነበበን ሰው አይሰድብም፣ ያግዘዋል።

ስለዚህ ደራሲው ያደረገውን ይጻፍ፤ በስንት ገቢ፣ ለስንት ሰው፣ ምን ተሳክቶ ምን እንዳልተሳካ። ደመወዙ ጨርሶ የማይበቃው ሰው ችግሩ ገቢ እንጂ አያያዝ አለመሆኑንም ደፍሮ ይጻፍ።

ከደሴ፦ የጻፍኋቸው ዋጋዎች መጽሐፉ ሳይወጣ ተለወጡ። ምን ላድርግ?

ብርን ከመጽሐፉ አውጣው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የታተመ ዋጋ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በምትኩ በመጠን ጻፍ፦ ለአምስት ሰው በሳምንት ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ሽሮ፣ ስንት ሊትር ዘይት። ከመጠኑ አጠገብ አንባቢው የራሱን ከተማ ዋጋ በእርሳስ የሚሞላበት ባዶ ሣጥን ተው። ቤተሰቡ ከገቢው ስንት እጁን ለምግብ እንዳዋለ በክፍልፋይ ማስላቱንም አሳየው። እነዚህ የሚሞሉ ገጾች የታተመውን መጽሐፍ ከስልክ ቅጂ ይልቅ ተፈላጊ ያደርጉታል።

ከዱባይ፦ ሰው ቤት እየሠራሁ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስለ መላክና ለራስ ስለ ማስቀረት በደብተር ጽፌአለሁ። ኮምፒውተር የለኝም። ይሆናል?

በደንብ ይሆናል፣ እህቴ። እንዲያውም ከመጡት ሁሉ ለማንበብ የጓጓሁት ያንቺን ነው። ለቤተሰብ ስትልክ ኖራ ባዶ እጇን የተመለሰች እህት ታሪክ በየቤቱ አለ፤ «ለራሴ ይህን ያህል አስቀራለሁ» ብሎ ለእናት እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር መጽሐፍ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ደብተር ይጠፋል። ቀጥሎ የጎግል ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ አገልግሎት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ይቀበላል። ዕረፍት ስታገኚ ደብተርሽን ለስልክሽ አንብቢለት። ስሕተት ይኖረዋል፣ ሥርዓተ ነጥብም አይጨምርልሽም፣ ቢሆንም አብዛኛውን የጽሕፈት ክፍያ ያስቀርልሻል። በዚህ መንገድ የሚወጣው ጽሑፍ ዩኒኮድ ነው፤ ይህም ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር የሚጋሩት የፊደል አመዘጋገብ ነው። የገጽ ቅንብር የሚሠራው ሰው በቆየው የፓወር ግዕዝ ፊደል የሚሠራ ከሆነ ጽሑፉ ሲገለበጥ ይበላሻል፤ በዩኒኮድ እንዲሠራ ከመክፈልሽ በፊት ተስማሚ። የአሠሪዎችሽን ስምና አድራሻ አትጻፊ።

ከባሕር ዳር፦ ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልጋል? አይኤስቢኤንስ?

ጽሑፍህን አስቀድሞ የሚመረምር አካል የለም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። አይኤስቢኤን፣ ማለትም ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ የሚሰጠው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ነው፤ የኢትዮጵያ መለያ 99944 ነው። መጻሕፍት መደብርና ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍህን በቀላሉ እንዲመዘግቡት አውጣው። መጽሐፉ ሲታተም ለወመዘክር ቅጂ ማስገባትን አትርሳ።

ከሐዋሳ፦ በቴሌግራም ቢበትኑብኝስ?

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህን ካጠናቀርኸው ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል፤ በሕይወትህ ዘመንና ካለፍህ በኋላ 50 ዓመት። ባታስመዘግብም መብቱ ያንተ ነው፤ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ለክርክር ማስረጃ ይሆንሃል። አዋጁ የሚጠብቀው አጻጻፍህን እንጂ ሐሳብህን አለመሆኑን ዕወቅ፤ የሽሮ አያያዝህን ሌላ ሰው በራሱ ቃል ቢጽፈው መብቱ ነው።

ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ለ500 መጽሐፍ አያዋጣም። የተሻለው የስልክ ቅጂውን አንተው ቀድመህ በርካሽ መሸጥ ነው፤ ሌባው የሚያተርፈው ደራሲው በዘገየ ጊዜ ነው። ፋይሉንም ከእጅህ ሳይወጣ ጠብቀው፤ የተሟላው ፒዲኤፍ ማተሚያ ቤት እጅ ሲገባ ለማን እንደተላለፈ በጽሑፍ ያዝ።

ከጅማ፦ አከፋፋዩ «ሲሸጥ እከፍላለሁ» አለኝ። ልስጠው?

ከመቶ አይበልጥ። የተረከበውን ብዛት፣ ድርሻውን፣ ሒሳብ የምትተሳሰቡበትን ቀንና ያልተሸጠውን መልሶ የሚሰጥበትን ሁኔታ በርክክብ ወረቀት አስፈርሚው። የመጀመሪያውን መቶ ሳይከፍል ሁለተኛውን አትስጪው። አዟሪዎችን አትናቂ፤ የዚህ መጽሐፍ ገዢ መደብር ከሚገባው ይልቅ ታክሲ የሚጠብቀው ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ለምረቃ አዳራሽ ልከራይ? አንድ አበዳሪ ድርጅት ወጪውን ልሸፍን ብሎኛል፣ በጀርባ ሽፋኑ ማስታወቂያ ካወጣሁለት።

አትከራይ። የዕድር ስብሰባ፣ የዕቁብ ቀን፣ የወላጆች ስብሰባ ያለ ኪራይ ይገኛሉ። ፍቀዱልኝ ብለህ አንድ ምዕራፍ አንብብ፣ ጥያቄ ተቀበል፣ ከዚያ ሽጥ። ማስታወቂያውን በተመለከተ፣ ውስጡ ከዕዳ ራቁ እያለ ጀርባው ኑ ተበደሩ የሚል መጽሐፍ አንባቢ አያምነውም። የዱቄት ወፍጮ ወይም የሸማቾች ማኅበር ቢሆን ሐሳቤ ይለያል።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ ላሉ አንባቢዎች የአንድ ደራሲ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ ላስልክ?

የማጓጓዣው ዋጋ ከመጽሐፉ ይበልጣል። ፋይሉን አስልከው በአካባቢዎ ትንሽ ቁጥር በዲጂታል (ፕሌት በማይጠይቀው ማተሚያ) ያሳትሙ፤ ከሚሸጠው ላይ የደራሲውን ድርሻ ይላኩለት።

ከድሬዳዋ፦ የታተመውን የት ላስቀምጥ? ቤቴ አንድ ክፍል ነው።

በእሽጉ እንዳለ፣ ከሲሚንቶ ወለል በእንጨት ከፍ አድርገህ፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቀህ ደርድረው። ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍም ሙቀት ሲበዛበት ይላቀቃል፤ ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ አድርገህ አትስቀለው። ስትረከብ ከየእሽጉ አንዳንድ አውጥተህ ገጾቹ በተራቸው መሆናቸውንና አለመጉደላቸውን ሳታይ ቀሪውን ክፍያ አትፈጽም።