ፓምፑን ማን ይጠግነዋል? ማርስን ለሚያልሙ ወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፤

ምሕንድስና ከምትማሩት መካከል ስለ ማርስ ሳይጠይቀኝ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በተስፋ ተሞልቶ ይመጣል፤ የሰው ልጅ በእናንተ ዕድሜ ሌላ ፕላኔት ላይ ከተማ ይቆረቁራል፣ ኢትዮጵያዊ ወጣትም ከዚህ ጉዞ መቅረት የለበትም የሚል ነው። ይህን የምጽፈው ተስፋችሁን ልነጥቃችሁ ብዬ አይደለም። ነገር ግን የሥራ ዘመኔን በገጠርና በትናንሽ ከተሞች የመጠጥ ውሃ ሥራ ላይ ያሳለፍሁ እንደ መሆኔ፣ አንድ ቴክኖሎጂ በትክክል የሚመዘነው በተበላሸበት ቀን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሚዛን ስለ ማርስ ሠፈራ የሚነገረውን ስመዝነው አብዛኛውን ለመቀበል እቸገራለሁ። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ዘመናቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

በሥራዬ ብዙ ፓምፖች ሲመረቁ አይቻለሁ። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ የመንደሩ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ውሃው ይፈስሳል። እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ በፓምፑ ውስጥ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ተበልቶ ውሃ መሳብ ሲያቅተው ነው። የማሸጊያው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሆኖም ዕቃው በወረዳው ከተማ ካልተገኘ፣ ጥገና የሠለጠነው ልጅ ሥራ ፍለጋ ከአገር ከወጣ፣ የውሃ ኮሚቴው ያጠራቀመው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ከዋለ፣ ጉድጓዱ ውሃ እንደያዘ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ በቀረበልኝ ቁጥር፣ ምን ያህል ውሃ ይስባል ከማለቴ በፊት፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ እስኪደርስስ ሰዉ ምን ይጠጣል ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ርቀቱ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና ከሚኬደው ብዙም አይበልጥም። ከኖቬምበር 2000 ጀምሮ ሰው ተለይቶት የማያውቀው ይህ ጣቢያ የነዋሪዎቹን ሽንትና ላብ አጣርቶ ወደ መጠጥ ውሃ ይለውጣል፤ በ2023 ናሳ ከውሃው 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት መቻሉን አስታውቋል። በሙያዬ ከልብ የማደንቀው ሥራ ነው። በ2024 ግን ሽንት ከሚያጣራው መሣሪያ አንድ ፓምፕ ተበላሸ። ምትኩ በጁን ወር በመጠቀችው በቦይንግ ስታርላይነር መንኩራኩር በአስቸኳይ እንዲጫን ተደረገ፤ ቦታና ክብደት ለማትረፍም የሁለቱ ጠፈርተኞች የልብስ ሻንጣዎች ምድር ላይ ቀሩ። መንኩራኩሯ ራሷ ችግር ስለ ገጠማት፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሊቆዩ የሄዱት እነዚህ ሁለት ሰዎች የተመለሱት ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በማርች 2025፣ በሌላ መንኩራኩር ነው።

ማርስ እጅግ በቀረበችበት ጊዜ እንኳ ከ50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሁለቱ ፕላኔቶች ለጉዞ በሚመች አኳኋን የሚገናኙት በ26 ወር አንዴ ሲሆን፣ ጉዞው ራሱ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ይህ አመቺ ጊዜ ባለፈ ማግስት ፓምፑ ቢሰበር ምትኩ የሚደርሰው ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ነው። «መለዋወጫውን እዚያው እናመርተዋለን» የሚሉ አሉ። ማሸጊያውን ለመሥራት ግን የኬሚካል ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ለፋብሪካው የኃይል ማመንጫ፣ ለማመንጫው ብረትና መዳብ፣ ለብረቱና ለመዳቡ ማዕድን ማውጫና ማቅለጫ፣ ለእነዚህ ሁሉ ደግሞ የሠለጠነ ሰውና ሌላ መለዋወጫ። አንዲት የላስቲክ ቀለበት የብዙ አገሮችን ኢንዱስትሪ ከኋላዋ አስከትላ ነው እጃችን የምትገባው።

ስለ አየሩም ልጨምር። የማርስ አየር ግፊቱ ከምድር አየር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ያለውም በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በ2021 እዚያ ያረፈችው ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ከዚህ አየር ኦክስጅን የሚያወጣ ሞክሲ የሚባል መሣሪያ ይዛ ነበር፤ መሣሪያው እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ በድምሩ 122 ግራም ኦክስጅን አመረተ። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ይህ ለአንድ ሰው የሦስት ሰዓት ተኩል ትንፋሽ ነው። መሣሪያው የተላከው መንገዱ እንደሚሠራ እንዲያሳይ ነበር፣ አሳይቷል፤ ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን መንገድ እንዳለ ማሳየትና ሕፃናት የሚያድጉበት ሰፈር ማቆም በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። በዚህች በለመድናት ምድር ላይ እንኳ ምን እንደ ደረሰ አስታውሱ። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ባዮስፌር 2 በተባለ የታሸገ ግዙፍ የመስተዋት ሕንፃ ውስጥ ስምንት ሰዎች በሴፕቴምበር 1991 ገብተው ሁለት ዓመት ቆዩ። ዕፅዋት፣ አፈርና ውሃ ሁሉ ነበራቸው። ይሁን እንጂ በአፈሩ ውስጥ የነበሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ኦክስጅኑን በሉት፤ ያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት መጠጠው፤ በዚህም ወደ 21 በመቶ የነበረው ኦክስጅን በ16 ወራት ውስጥ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ። በጃንዋሪ 1993 ከውጭ ኦክስጅን ማስገባት ግድ ሆነ። እዚያ የኦክስጅን መኪና ከበሩ ላይ መቆም ይችል ነበር።

የሰው ዘር ድንገት እንዳይጠፋ መጠባበቂያ ፕላኔት ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር ከሁሉ ይበልጥ ልባችሁን እንደሚነካ አውቃለሁ። እኔም በቀላሉ አልጥለውም። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግዙፍ የጠፈር አለት ምድርን ሲመታት ግን፣ በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ ምድር የሚተነፈስ አየርና ፈሳሽ ውሃ ነበራት፤ ጥቃቅን አጥቢ እንስሳት ተርፈው እኛ ከእነርሱ መጣን። በራሳችን አገር ዳሎልን ተመልከቱ። ከባሕር ጠለል በታች ያለ፣ በ1960ዎቹ በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ የሚበልጥ፣ አሲድ የሚፈላበት ስፍራ በመሆኑ ሳይንቲስቶች የሕይወትን ወሰን ለማጥናት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ባለፈው ክፍለ ዘመን ለፖታሽ ማዕድን ሲባል እዚያ የሠራተኞች ሰፈር ተሠርቶ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ፍርስራሹ ነው። አፋሮች ግን እስከ ዛሬ በዚያ አካባቢ ጨው እየቆረጡ በግመል ይጭናሉ፤ ምክንያቱም አየሩ ይተነፈሳል፣ ውሃም በግመል ይደርሳል። ከማርስ ጋር ሲተያይ ዳሎል ገነት ነው።

ቀነ ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ደግሞ ቀጠሮ ሰጪው ከዚህ በፊት የሰጠውን መርምሩ። ማርስ ዋን የተባለ የሆላንድ ድርጅት በ2012 ሰዎችን በ2023 ማርስ ላይ አሠፍራለሁ ብሎ ተነሣ፤ የማይመለሱበትን ጉዞ የተመኙ ብዙዎች አመለከቱ፣ አንድ መቶ ዕጩዎችም ተመረጡ፤ በጃንዋሪ 2019 ኩባንያው ከሰረ። ኤሎን መስክ በ2017 በአውስትራሊያ ባደረገው ንግግር በ2022 የጭነት፣ በ2024 ደግሞ ሰው የጫኑ መንኩራኩሮችን ወደ ማርስ የመላክ ዕቅድ አቀረበ፤ ሁለቱም ዓመታት አለፉ። ይህን ስል የኩባንያውን የስፔስኤክስን መሐንዲሶች ሥራ ማቃለሌ አይደለም፤ ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ የተወነጨፈን ሮኬት ወደ መሬት መልሶ በማሳረፍ የማምጠቂያውን ዋጋ መቀነሳቸው ትልቅ ግኝት ነው። በተረጋገጠው ሥራቸው ላይ የቆመውን አመኔታችንን ላልተረጋገጠው ተስፋ መያዣ ሲያደርጉት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለም?

ፖለቲካው ከቴክኖሎጂው የባሰ አያስተማምንም። ኬኔዲ በሜይ 1961 ሰው ጨረቃ ላይ እናሳርፋለን አሉ፤ በጁላይ 1969 ተፈጸመ። የተፈጸመው ከሶቪየት ኅብረት ጋር ፉክክር ስለ ነበረና ገንዘቡ ስለ ጎረፈ ነው፤ የናሳ በጀት በ1966 ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ፉክክሩ ሲረግብ በዲሴምበር 1972 የመጨረሻዎቹ ጠፈርተኞች ተመለሱ፣ የታቀዱት ተጨማሪ ጉዞዎች ቀድሞውኑ ተሰርዘው ነበር። በ1989 አባት ቡሽ፣ በ2004 ልጅ ቡሽ ማርስን ጠቅሰው ታላላቅ ዕቅዶችን አወጁ፤ የመጀመሪያው በገንዘብ እጦት ከሰመ፣ ሁለተኛውን በ2010 የኦባማ አስተዳደር ሰረዘው። ማርስ ላይ የሚኖር ማኅበረሰብ ዕድሜው በትውልድ ይቆጠራል፤ የሚቀልቡት መንግሥታት ዕድሜ ግን አራት ወይም ስምንት ዓመት ነው።

ከሁሉ በላይ እንድታስታውሱልኝ የምፈልገው ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የሆነውን ነው። በዚያ ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በበዓለ ሢመታቸው ንግግር የአሜሪካ ጠፈርተኞች የአገራቸውን ባንዲራ ማርስ ላይ እንደሚተክሉ ተናገሩ፤ በዚያው ዕለት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት የሚያግድ ትእዛዝ ፈረሙ። እገዳው ካቆማቸው ሥራዎች አንዱ ፊውስ ኔት የተባለው የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ነበር። ይህ ሥርዓት የተቋቋመው በ1985፣ በእኛ አገር ወገኖቻችን በረኃብ ካለቁ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ጥፋት ሳይታሰብ ዳግመኛ እንዳይደርስ ተብሎ ነው። ከሳተላይት የሚገኘውን የዝናብና የዕፅዋት መረጃ ከገበያ ዋጋ ጋር እያገናዘበ ረኃብ ከመድረሱ ከወራት በፊት ይጠቁም ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ድረ ገጹ ተዘጋ፤ በከፊል የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። የጠፈር ቴክኖሎጂ ለድሃው ገበሬ ያመጣው እጅግ ጠቃሚ ነገር፣ ባንዲራው ቃል በተገባበት ወር ውስጥ እንዲጠፋ ተደረገ። ስለዚህ አንድ መሪ ስለ ሩቅ ዘመን ሲናገር በዚያው ሳምንት ምን እንደ ዘጋ አጣሩ።

ማን ያስተዳድረዋል የሚለውም ያሳስበኛል። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ማንም መንግሥት የሰማይ አካላትን የግሉ ሊያደርግ እንደማይችል፣ የግል ድርጅቶች በጠፈር ለሚሠሩትም አገራቸው ኃላፊ እንደምትሆን ይደነግጋል። የስፔስኤክስ የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት የሆነው ስታርሊንክ ግን በ2020 ይፋ በሆነው የደንበኞች ውሉ ውስጥ ማርስ ነፃ ፕላኔት እንደ ሆነች፣ የምድር መንግሥታትም በዚያ ሥልጣን እንደሌላቸው የሚገልጽ አንቀጽ አስገብቷል። ነፃነት ቢመስልም፣ አየሩን፣ ውሃውንና የመመለሻውን መንኩራኩር አንድ ኩባንያ በያዘበት ስፍራ ሠራተኛ እንዴት ሥራ ሊያቆም ይችላል? ወዴትስ ሊሄድ? በዓረብ አገር በከፋላ ሥርዓት ሥር ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የሆነባት እኅት ያለችው ሰው ይህን ጥያቄ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ እዚያ ደግሞ የሚያዘው ትንፋሽ ነው።

ጠፈርን የምትወዱ ከሆነ የሚጠብቃችሁ ሥራ አለ። አገራችን በዲሴምበር 2019 ከቻይና ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን፣ በአብዛኛው በቻይና ገንዘብ፣ አምጥቃለች፤ ስለ እርሷም ቢሆን ያንኑ የፓምፑን ጥያቄ ሳትፈሩ ጠይቁ። ከ2002 ጀምሮ ግሬስ፣ ከ2018 ወዲህም ተተኪዎቹ የሆኑት መንትያ ሳተላይቶች የምድርን ስበት እየለኩ የከርሰ ምድር ውሃ ሲጨምርና ሲቀንስ ያሳያሉ፤ ለአንድ መንደር ጉድጓድ ቦታ ባይጠቁሙም የሰፊ አካባቢን ውሃ አካሄድ ይናገራሉ። የላንድሳት ምስሎች ከ2008፣ የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል ምስሎች ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ለማንም በነፃ ይሰጣሉ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከመምረጣችሁ በፊት የምታውቁትን የአንድ ወረዳ የአሥር ዓመት ምስል አውርዱ፤ አረንጓዴው የተመናመነበትን ቦታ ምንጮች ከደረቁባቸው ቀበሌዎች ጋር አስተያዩ፤ ከወረዳው የውሃ ባለሙያ ጋር ቦታው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ውጤቱንም በሚያነብቡት ቋንቋ ጽፋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቡ።