ስለ ቆዳ ቀለም የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ ስለ ቆዳ ቀለም ካቀረቡልኝ ጥያቄዎች አምስቱን እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ በሴት ልጄ ጉልበትና ከንፈር ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ምልክት ወጣ። ጎረቤቶቼ «ለምጽ ነው፤ ይጋባል» ብለው ልጆቻቸውን ከእሷ ጋር እንዳይጫወቱ ከልክለዋል። እውነት ይጋባል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስሕተቱ የመጣው ከቃሉ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 «ለምጽ» የተባለው ልዩ ልዩ የቆዳ ችግሮችን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ኋላ ግን ከሥጋ ደዌ ጋር ተቀላቅሎ ሁለቱ እንደ አንድ በሽታ ተቆጠሩ። የሥጋ ደዌ መንሥኤ ሃንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባክቴሪያ ነው። ሐኪሞች ቪቲሊጎ የሚሉት ለምጽ ግን ጀርም የለበትም፤ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት የራሱን ቀለም ሠሪ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠፋቸው የሚመጣ ነው። የሥጋ ደዌ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ፈዘዝ ወይም ቀላ ያለ ሲሆን ስሜቱም ይደነዝዛል፤ በለምጽ ቦታ ላይ ግን ልጅዎ ዓይኗን ጨፍና ጥጥ ቢያስነኳት በደንብ ይሰማታል። ያም ሆኖ ለማረጋገጥ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ ሥጋ ደዌ ቢሆን እንኳ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል።

ለለምጽ በሐኪም የሚታዘዙ ቅባቶችና የብርሃን ሕክምና አሉ። አዲሱ ቀለም በአብዛኛው የሚነሣው በፀጉር ሥር ከተጠራቀሙ ሕዋሳት ስለሆነ ፊት ቶሎ ይመለሳል፤ ፀጉር የሌላቸው ከንፈርና የጣት ጫፎች ግን ያስቸግራሉ። ወራት ስለሚወስድ ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጥቁር ሰው ከነጭ የበለጠ ቀለም ሠሪ ሕዋስ አለው?

መልስ፦ የለውም፤ ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም በተሸከሙት ቅንጣቶች መጠንና ብዛት ላይ ነው። በመንዝ ከጥቁር በግ ጸጉር የሚሠራ በርኖስ ሳይነከር ጥቁር የሚሆነውም በዚሁ ሜላኒን ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ቋቁቻዬ ታክሞ ነጣ ያለው ቦታ ለምን ቀረ?

መልስ፦ ፈንገሱ ጠፍቷል፤ ቀለሙ ለመመለስ ግን ወራት ይፈልጋል። ሙቀትና ላብ ስለሚያባብሱት በቆላ ደጋግሞ መነሣቱ የተለመደ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ከወለድኩ በኋላ የቀረብኝን ማዲያት የሚያነጣ ክሬም ልግዛ?

መልስ፦ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ፈጽሞ አይግዙ። አንዳንዱ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ፣ አንዳንዱም ቆዳ የሚያሳሳ ስቴሮይድ አለበት። ማዲያትን የእርግዝና ሆርሞን ቢያስነሣውም የሚያጠናክረው ፀሐይ ነውና፣ ከማንኛውም ቅባት በፊት ጥላና ሰፊ ባርኔጣ ይቅደም።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ እኔም ባለቤቴም ጥቁር ሆነን ሳለ ልጃችን አልቢኒዝም ይዞ (ቆዳው፣ ፀጉሩና ዓይኑ ቀለም አጥሮት) ተወለደ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ሁለታችሁም የተለወጠውን ዘረ መል ሳይታይባችሁ ተሸክማችሁ ነበር፤ እንዲህ ባሉ ወላጆች በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ስለዚህ ባለቤትዎን የሚጠረጥር ሰው ካለ ተሳስቷል። ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ የደጋው ብርድ ሳያዘናጋችሁ ረጅም እጅጌና ባርኔጣ አልብሱት። ዓይኑንም አስመርምሩለት፤ ትምህርት ሲጀምር ሰሌዳው አጠገብ እንዲቀመጥ ለመምህሩ ንገሩ።